ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ

ልጆቼ፣ በአገራችን መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው አደይ ይለብሳል። እዚህ ስዊድን ግን በዚያው በመስከረም ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል፣ ብርሃኑም በየሳምንቱ እየሸሸ ይሄዳል። በዘመን መለወጫ ሰሞን ስቶክሆልም ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ የምትጠልቀው ፀሐይ፣ ኅዳር አጋማሽ ሲደርስ በእኛ አቆጣጠር ገና በ9 ሰዓት ትሰወራለች። ያኔ ልጃችሁን ከዳጊስ፣ ማለትም ከመዋእለ ሕፃናት፣ የምትወስዱት በጨለማ ነው። የመጀመሪያ ልጁን በዚህ ወቅት ለሚያስገባ ወላጅ መጸው ቀላል አይደለም። እኔ የሥራ ዘመኔን እዚሁ ከተማ ዳጊስ ውስጥ ሕፃናት ሳለብስና ሳወልቅ ስላሳለፍኩ፣ በበሩ በዚያኛው ወገን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

የእኛ ሰው የመጀመሪያ ሥጋት ብርድ ነው። “በዝናብ ያስወጡታል፣ ብርድ ይመታብኛል” እያለች ዓይኗ እንባ ያቀረረ ስንት እናት አጽናንቻለሁ። እውነት ነው፣ ያስወጡታል። በካፊያም፣ በጭቃም፣ በነፋስም ይወጣል። ትንንሾቹማ ጋሪያቸው ውስጥ ተጠቅልለው ደጅ ይተኛሉ። ይህ ቸልተኝነት አይምሰላችሁ፤ የዚህ አገር ሰው ልጅን በጫካና በሜዳ ማሳደግን እንደ ትልቅ ቁም ነገር የያዘ ነው። ገና በ1957 እ.ኤ.አ. ዮስታ ፍሮም የሚባል ሰው ልጆች ተፈጥሮን እንዲወዱ ብሎ ስኩግስሙለ የተባለውን የጫካ ፍጡር ፈጠረላቸው፤ በ1985 ደግሞ ስቶክሆልም አጠገብ ሊዲንየ ላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ደጅ የሚዋልበት ዳጊስ ተከፈተ። ጉንፋን የሚያስይዘው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ይበልጥ የሚመቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተፋፍገው ሲውሉ ነው። ስለዚህ “ዛሬ አታስወጡብኝ” ብላችሁ አትለምኑ። ልጃችሁ ጓደኞቹ ቅጠል ሲከምሩ በመስኮት እያየ እንዲውል መፍረድ ነው የሚሆንባችሁ።

መፍራት ያለባችሁ ልብሱን ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የልጁ ቀን የሚቃናውም የሚበላሸውም በልብሱ ነው። ከሥር ሱፍ አልብሱት፣ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም። ከላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከዚያም ውሃ የማያስገባውን የዝናብ ሱሪና ጃኬት ደርቡለት። ቦት ጫማው ከወፍራም ካልሲ ጋር ጣቱን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ይኑረው፤ እግር የጨመቀ ቦት ውስጥ ሱፍም ቢሆን አይረዳም፣ የሕፃን እግር ደግሞ ሳታስቡት ያድጋል። ጓንት ሁለት ጥንድ ይሁን፣ አንዱ ማድረቂያው ውስጥ ሲሆን ሌላው እጁ ላይ እንዲሆን። የአንገት ሻርፕና ከኮፍያ የሚንጠለጠል ገመድ ግን አታድርጉለት፤ ሸርተቴው ላይ ሊያንቀው ይችላል። በራስ የሚጠለቀው የአንገት ማሞቂያ ይበቃል። ሁሉም ላይ ስሙን ጻፉ። ሰማያዊ ቦት ያለው ልጅ የእናንተ ብቻ አይደለም።

አንጸባራቂም አትርሱ። በጨለማ መንገድ ላይ መኪና አጭር መብራት አብርቶ ሲመጣ ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰን ሰው የሚያየው ከ25 እስከ 30 ሜትር ሲቀረው ነው፤ አንጸባራቂ ያደረገውን ግን 125 ሜትር ያህል ርቆ ያየዋል። ለልጁ ስታስሩ ለራሳችሁም እሰሩ፣ እጁን ይዛችሁ የምትሻገሩት እናንተ ናችሁና።

ይህን ሁሉ ጠዋት በጥድፊያ ልታደርጉት አትሞክሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማታ አዘጋጁ፤ ዓርብ ዓርብ የዳጊሱን መስቀያና ሳጥን ከፍታችሁ የረጠበውን፣ የጠበበውን፣ የጎደለውን እዩ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጊዜ ስላላችሁ ሱሪውን ራሱ እንዲለብስ ተዉት። ይዘገያል፣ ያዞረዋል፣ ያለቅሳል፤ ተዉት። አንዲት ሠራተኛ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አምስት ስድስት ልጅ ስታለብስ፣ መጀመሪያ የለበሰው በላብ ተነክሮ የመጨረሻውን ይጠብቃል። እግሩን ራሱ የሚያስገባ ልጅ ለእሷም ለጓደኞቹም እፎይታ ነው፣ ለራሱም ኩራት ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ? በመጀመሪያው ዓመት ከንፍጥ ጋር መኖር ልመዱ። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው እንግዳ ነገር አይደለም። ንፍጥ ብቻ ሆኖ ልጁ እየበላና እየተጫወተ ከሆነ ይሂድ። ትኩሳት ካለው ግን ቤት ይዋል፤ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ ካቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ቆዩ። አንዳንድ ወላጅ ጠዋት አልቬዶን የሚባለውን የትኩሳት ማስታገሻ አጠጥቶ፣ ትኩሳቱ ሲበርድ አምጥቶ ያስረክባል። ሥራ እንዳይቀርበት ጨንቆት መሆኑን አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም። ግን መድኃኒቱ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል፣ ልጁ ይግላል፣ ስልኩ ይደወላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መዘዙም ለሌሎች ይተርፋል፦ ሠራተኞቹ ይታመማሉ፣ በምትካቸው ልጆቹ የማያውቋቸው ሰዎች ይመጣሉ፣ አዲስ የገባው ልጅ ገና የለመዳትን አንዷን ፊት አጥቶ በር ላይ ይጮኻል። ሕጉ እኮ አስቦላችኋል፤ ቫብ የሚባለው ልጅ ሲታመም ከሥራ የሚቀሩበት ፈቃድ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 120 ቀን ነው፣ ክፍያውም ከደመወዝ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አባቶች፣ ይህ ለእናቲቱ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ተራ ግቡ። ታሞ ያደረ ልጅ አባቱ ጉልበት ላይ ተኝቶ መዋሉን አይረሳም።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ በየቀኑ የሚሰጠውን የቪታሚን ዲ ጠብታ በዚህ ወቅት አታቋርጡ። ዕድሜው ከዚያ ካለፈም ይቀጥል እንደሆነ የሕፃናት ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፣ ፀሐዩ ጥቂት ነው።

ስለ ስንብት አንድ ነገር ልበል። ከነሐሴ እስከ መስከረም አዳዲስ ልጆች ይገባሉ፣ የቆዩትም ወደ ትልልቆቹ ክፍል ይዛወራሉ፤ ቤቱ በለቅሶ ይሞላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የማላመጃውን ቀናት አታሳጥሩ። ልጁ አሻንጉሊት ሲያይ ተደብቃችሁ አትውጡ። ለጊዜው ለቅሶውን ታመልጡታላችሁ፣ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእናንተ ላይ አይነቅልም፣ ጨዋታም አይገባለትም። ሳሙት፣ “ከመክሰስ በኋላ እመጣለሁ” በሉት፣ ውጡ። ከመክሰስ በኋላም ኑ። በር ላይ እያመነታ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ወላጅ ልጁን ቦታው የሚያስፈራ መሆኑን ያሳምነዋል፤ ልጅ የሚያነበው የእናቱን ፊት ነውና።

ቋንቋችሁን አትደብቁ። እዚህ አገር ዳጊስ ልጁ ስዊድንኛውንም የእናቱንም ቋንቋ እንዲያዳብር ማገዝ እንዳለበት ሕግ ያዛል። ቤት ውስጥ በሚገባ አማርኛ አውሩት። ለሠራተኞቹ ደግሞ ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ እቅፍ የሚሉትን ቃላት በእነሱ ፊደል ጽፋችሁ መስቀያው አጠገብ ለጥፉላቸው። ልጅ ሲጨንቀው የሚወጣው የቤቱ ቃል ነው። እነሱ የረገፈ ቅጠል ሲለጥፉ እናንተ የእንቁጣጣሽ አበባ ሥዕል ይዞ እንዲሄድ አድርጉ፤ “አበባየሆሽ” እንዲሰሙም ጠይቁ። ደስ ይላቸዋል፣ ልጁም ቀና ብሎ ይውላል። የማይበላው ምግብ ካለ፣ ለምሳሌ የአሳማ ሥጋ፣ ከመጀመሪያው ቀን አስመዝግቡ።

የእኛ ሰው ግን ዝም ይላል። አስተማሪን ማክበር ዝም ማለት ሆኖ ነው ያደግነው፤ “ምን አውቄ” ይላል፣ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። እዚህ ዝምታውን እንደ አክብሮት የሚቆጥርለት የለም፣ ነገሩ የማያሳስበው ወላጅ ነው የሚመስላቸው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ልጁ ሌሊት ሳይተኛ ካደረ፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም እንግዳ ካለ፣ ጠዋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚይዙት ይለውጣል። በመጸው የወላጆች ስብሰባና ስለ ልጁ እድገት የሚደረገው ውይይት አለ። ሁለቱም ላይ ተገኙ፣ ስዊድንኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲጠሩላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ወላጆች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ዳጊስ ከሆነ ደግሞ ግቢ ማጽዳቱም ተራ መግባቱም አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በእሑድ ቅጠል መጥረጉ አይክበዳችሁ። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ ለልጁ ተጠሪ ለሆነችው ሠራተኛ ንገሩ፣ ካልሆነ ለርእሰ መምህሯ። ቤት ስትገቡ ግን ልጁ እየሰማ ሠራተኞቹን አትሙ፤ ነገ ጠዋት እጁን የምታስይዙት ለእነሱ ነው።