ይቅር ባዩ ማን ነው?

የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢያጫውታቸው በጎ ሥራ ነው ወይስ በደል? ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ «ነውር ነው!» እንደምትሉ እገምታለሁ። እናቱን ለማሽን ትቶ የሚሄድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ መጥቶባችሁ ይሆናል። እርሱን ለጊዜው እንተወው፤ የእርሱ ጉዳይ ቀላል ነው።

ይልቅ አንዲት እናት በሐሳባችሁ ሳሉ። የሚኖሩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። በሽታው ሲጠና በጉልምስና የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል፤ የልጅነቱ ይቀራል። እርሳቸውም ሠላሳ ዓመት የሠሩበት እንግሊዝኛ ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ቀርቷቸዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው «እማዬ የት ሄደች?» ይላሉ። ተረኛዋ ረዳት ነርስ ደግ ሴት ናት፤ ግን አማርኛ አትሰማም፣ ከሌላ ክፍልም ደወል እየጠራት ነው። ከአልጋው አጠገብ ያለው ታብሌት ግን በአማርኛ ይመልሳል። እንቅልፍ የለውም። ያንኑ ጥያቄ አርባ ጊዜ ቢጠየቅ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ከእናንተ መካከል በውጭ አገር እንዲህ ባሉ ቤቶች ሌሊት የምትሠሩ አላችሁና፣ አርባኛው ጥያቄ ላይ የሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እንግዲህ «ታብሌቱን አውጡት» የሚል ማን ነው? እኔ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖሩት ሰዎች ከ55 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ሌሊቱን አብሯቸው የሚነቃ ሰው ለሁሉም አይገኝም።

ማሽን አረጋውያንን ማጽናናት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጃፓናዊው ታካኖሪ ሺባታ የሠራው ፓሮ የተባለ ሮቦት የባሕር እንስሳ የሆነውን የሲልን ግልገል ይመስላል። ሲዳብሱት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ያሰማል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሕክምና መሣሪያ ተብሎ ፈቃድ አግኝቷል። በውሻ ወይም በድመት ፋንታ ሲል የተመረጠውም ሰው ሲልን በቅርብ ስለማያውቀው ከእውነተኛው ጋር እንዳያነጻጽረው ነው። ከፓሮ ጋር ጸብ የለኝም። አይናገርምና ቃል አይገባም፤ «ልጅሽ ነኝ» አይልም።

ነገሩ የሚከብደው ማሽኑ አፍ ሲያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም አስተዋወቀ። ኤላይዛ የሚነገራትን አትረዳም ነበር፤ የተጻፈላትን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች፣ እናት ከተነሣች ስለ ቤተሰብ ትጠይቃለች። ዋይዘንባውም ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ስታየው የነበረችው ጸሐፊው፣ ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። እርሷ እኮ ማሽን መሆኑን ታውቃለች! የእኛዋ እናት ግን አያውቁም፤ ዛሬ ቢነገራቸው ነገ ይረሱታል። ፈቃዳቸውን ጠይቀን የምንገላገለው ነገር አይደለም።

ታዲያ «እማዬ የት ሄደች?» ሲባል ምን ይመለስ? ይህ ጥያቄ ኮምፒውተርን በብዙ ዘመን ይቀድማል። በዛሬዋ አልጄሪያ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ፣ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ውሸትን ተቃውሞ በጻፈው መጽሐፉ ይህን መሰል ነገር አንሥቷል፦ በጽኑ የታመመ አባት ልጁ መሞቱን አልሰማም፤ ቢሰማ ሊሞት ይችላል፤ ስለ ልጁ ይጠይቃችኋል። አውግስጢኖስ አንጀቱ እንደሚላወስ አልደበቀም፤ ውሸቱን ግን አልፈቀደም።

ከእርሱ ጋር ልከራከር አልነሣም። ሆኖም ያ አባት መርዶውን የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው። የእኛዋ እናት ሰምተው፣ አልቅሰው፣ ረስተው፣ ደግመው ይጠይቃሉ፤ መርዶው በየሌሊቱ አዲስ ነው። እኛ ደግሞ መርዶ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሰው ብቻውን ሳለ አይረዳም። ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ እስከዚያው የሚያውቀው ሁሉ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ውሸት የሚለው ሰው አልገጠመኝም፤ አብሮ የሚያለቅስ እስኪሰበሰብ መቆየት ነው። ለእኚህ እናት በየሌሊቱ «እናትዎ ሞተዋል» ማለት ግን ለቀስተኛ የሌለው መርዶ ነው።

በአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የነበረችው ናኦሚ ፋይል መካከለኛ መንገድ አስተምራለች፦ አታርሟቸው፣ አትዋሿቸውም፤ የሚናፍቁትን እንዲያወሩ ጠይቋቸው። እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? ይህን ታብሌቱም ያደርገዋል፤ ኤላይዛ እንኳ ለአቅሟ ታደርገው ነበር። እስከዚህ ድረስ ማሽኑን ልቀበለው እችላለሁ።

እናቲቱ ግን ስለ እናታቸው ሲያወሩ ቆይተው፣ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ያን ጊዜ የበደልኩሽን ይቅር በይኝ» ቢሉስ? ታብሌቱን እህታቸው አድርገውት። እንዲያረጋጋ የተዘጋጀው ማሽን «ይቅር ብዬሻለሁ፤ አትጨነቂ» ሊል ይችላል። እናቲቱም ይተኛሉ። ማን ተጎዳ?

እህትየዋ ተጎዱ። ምናልባት ሠላሳ ዓመት የጠበቁትን ቃል ታብሌት ሰምቶት ቀረ።

ልብ በሉ፦ «ዝናብ ነው» የሚለውን ቃል ማንም ቢናገረው ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። «ይቅር ብዬሻለሁ» ግን የሚናገረው ሰው ማንነት ካልተጨመረበት ባዶ ነው። እኔ የጎረቤቴን ባለዕዳ «ምሬሃለሁ» ልለው አልችልም፤ ገንዘቡ የእኔ አይደለማ። ይቅር የሚል የተበደለው ነው፤ ይቅር ሲል ደግሞ ከራሱ የሚተወው ነገር አለ። ማሽኑ አልተበደለም፣ የሚተወውም የለም። «ነገ እመጣለሁ» የሚለውም እንዲሁ የሚመጣ እግር ይፈልጋል። እነዚህን ቃላት ማሽኑ ሲናገራቸው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ነገር የተደረገ ይመስላል፤ ስለዚህም ማንም ሳያደርገው ይቀራል። «እናቲቱ እኮ ልዩነቱን አያውቁም» ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ አያውቁም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ታብሌቱን አልጋው አጠገብ ያስቀመጥነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ማሽኑ ይዘምርላቸው፣ ያውራቸው፣ ስለ ልጅነታቸው ይጠይቃቸው። ይቅርታ ሲለምኑት ግን እህታቸውን መስሎ አይመልስ። «ለእህትዎ ልንገርልዎት?» ይበል፤ ጠዋትም ለልጃቸው ያድርስ። ይህም ቢሆን የአረጋዊትን ምስጢር ማን ይሰማል የሚል ሌላ ጣጣ አለው። በበኩሌ ከማንም ድርጅት ኮምፒውተር ይልቅ ልጃቸው ብትሰማው እመርጣለሁ።

ደግሞም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አማርኛ የሚችል ሰው የለም ብለን ነበር። ሜሪላንድ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ደሴ ረፋድ ነው። እህትየዋ በሕይወት ካሉ በዚያ ሰዓት ነቅተዋል፤ ከሌሉም ልጆቻቸው ይኖራሉ፤ «አክስቴ» ብለው የሚመልሱ። ታብሌቱ ደግሞ ስልክ መደወልም ይችላል።