የዕለት እንጀራችን



ጌታችን ባስተማረን ጸሎት የምንለምነው «እንጀራዬን» ብለን ሳይሆን «እንጀራችንን» ብለን ነው (ማቴ. 6፥11)። በድርቅ ምክንያት በእርዳታ የሚኖር ቤተሰብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ ቢሰፈርለት፣ ለቀን የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ነው። እናቲቱም የወፍጮ ዋጋ ስታጣ ከዚያው ላይ ቀንሳ ትሸጣለች፤ ስሟ ከመዝገብ ለቀረ ጎረቤቷም ታካፍላለች። የሰራፕታዋ መበለት ለኤልያስ የጋገረችው ከእንዲህ ያለ ማድጋ ነበር (1ነገ. 17)።

ስለዚህ እርዳታ ተቀባይ አይፈር፤ ይህን ጸሎት እየደገመ የጎረቤቱን ሌማት የማይጠይቅ ግን ይፈር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን ለልጆቻችን አስተምሩ። በየቁምስናችንም ቢያንስ የወፍጮውን ዋጋ እንክፈል፤ ያን ጊዜ «እንጀራችን» ማለታችን እውነት ይሆናል።