ሠዓሊ የሰውን መልክ ሲሥል ስለ ምን ይመሰክራል?

ከዋጃ ገበያ የተገዛ የራያ ቆላ ፍየል ሥጋው ለማዕድ ከዋለ በኋላ ቆዳው ከብራና ፋቂ እጅ ቢገባ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮና ተፍቆ የመጽሐፍ ገጽ ይሆናል። ጸሐፊው ቃሉን ከጻፈበት በኋላ ሠዓሊው ከመዳፍ በማይሰፋ ስፍራ የሰውን መልክ ይሥልበታል። ሥራው ጥቂት ቀለምና ጸጥ ያለ እጅ ብቻ የሚሻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚከብደው ፍርዱ ነው።

በኢትዮጵያ የቀድሞ የሥዕል ልማድ ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይታያል። እንግዲህ መጽሐፉን ያጻፈው ባለጸጋ የራሱ መልክ እንዲገባበት ቢለምን ሠዓሊው ከጭንቅ ላይ ይወድቃል። ሰውየው ገና በሕይወት ነው፤ ፍጻሜው አልታወቀም፤ ብራናውም ቀለሙም የተገዛው በእርሱ ገንዘብ ነው። ሁለት ዓይን ቢሰጠው በገንዘብ የተገዛ ምስክር አይባልምን? አንድ ዓይን ቢሰጠውስ የእግዚአብሔርን ፍርድ የቀደመ ደፋር አይሆንምን?

የቀደሙት ሠዓልያን ለዚህ ጥያቄ በቃል አልመለሱም፤ መልሳቸው ከሥራቸው ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ለዐፄ ዳዊት የተጻፈው፣ በወሎ በግሸን ማርያም የሚገኘው ተአምረ ማርያም፣ በ1406 ዓ.ም. ያረፉትን እኒህን ንጉሥ በእመቤታችን ፊት ሲጸልዩ ያሳያል። በ1765 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ ምንትዋብም በጣና ሐይቅ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሠዓሊው ለባለ ዘውዱ ክብሩን አልነፈገም፤ ነገር ግን ስፍራውን ወሰነለት። ስለ ሰውየው ጽድቅ አልመሰከረም፤ ስለ ልመናው መሰከረ እንጂ።

በዚህ መንገድ ሠዓሊው ከውሸትም ከድፍረትም ዳነ፤ ሸክሙም ወደ ተሣለው ሰው ተላለፈ። ትላንት የድሃ በሬ የነጠቀ መኰንን ዛሬ መጽሐፉን ቢገልጥ ራሱን ሲሰግድ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ በገንዘቡ ያሣለው መልክ ከሳሹ ይሆናል። ሥዕሉን የጽድቁ ደረሰኝ አድርጎ የያዘ ሰው ግን ሠዓሊው ሳይዋሸው ራሱን ዋሸ።

ሠዓሊውም ራሱ ከዚህ ዳኝነት አያመልጥም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የገበታ ሥዕሉ ላይ ስሙን ጽፏል። እጅግ የሚበዙት ግን የሌላውን መልክ አኑረው የራሳቸውን ስም እንኳ ሳይተዉ ዐልፈዋል።

ዛሬ ፎቶግራፍ የሰውን ግንባርና አፍንጫ ሳያጓድል በቅጽበት ያስቀራል፤ በማን ፊት እንደ ቆመ ግን አይጠይቀውም። ስለዚህ መልኩን ለልጆቹ ሊያቆይ የሚወድ ሰው፣ አምሮ መታየቱን ከመመርመሩ አስቀድሞ፣ ያ የቀድሞ ሠዓሊ ቢያገኘው በየትኛው ስፍራ ሊያቆመው እንደሚችል ልቡን ይጠይቅ።