ወፍጮና መጅ



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 6 ላይ አንዲት አጭር ሕግ አለች፤ ሲሰበክባት ግን ብዙም አልሰማሁም። ያበደረ ሰው የተበዳሪውን ወፍጮ ወይም መጁን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ትከለክላለች። ምክንያቷም ያንን የወሰደ ሰው የባለቤቱን ነፍስ መያዣ አድርጎ እንደ ወሰደ የሚቆጠር መሆኑ ነው። በዚህች ቁጥር ውስጥ ወርቅም መሬትም አልተነሣም። የተነሣው በእናቶቻችን ጓዳ ጥግ ተቀምጦ የኖረው ድንጋይ ነው።

ከመካከላችሁ ከተማ አድጋችሁ ወፍጮ በዓይናችሁ ያላያችሁ ትኖሩ ይሆናልና ጥቂት ላስረዳ። ወፍጮ በጭቃ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ተደርጎ የሚቀመጥ ሰፊ ድንጋይ ነው። መጅ ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ ላይ የሚመላለሰው ትንሹ ድንጋይ ነው። ፈጪዋ ጎንበስ ብላ በክንዷና በወገቧ ኃይል መጁን ትገፋለች፤ ዱቄቱም ወደ ፊት ይወርዳል። ድንጋዩ በሥራ ብዛት ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም፤ ስለዚህ ፊቱ እየተመታ እንደ ገና ሻካራ ይደረጋል። ይህም ወፍጮ መውቀር ይባላል።

ወቀረ የሚለውን ቃል የላስታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ ጊዮርጊስንና ሌሎቹን “ውቅር አብያተ ክርስቲያናት” እያልን የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። አሥራ አንዱም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባባቸዋል። እንግዲህ በአማርኛችን ቤተ መቅደሱም ይወቀራል፣ የእናታችን ወፍጮም ይወቀራል። አንደኛው ቅርስ ተባለ፤ ሁለተኛው ግን ዛሬ በብዙ ቤት ከደጅ ተጥሎ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኗል።

አባቶቻችን ሲተርኩልን ሰዎች ቀን ቀን ሲወቅሩ፣ ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይሉናል። ስለ መላእክቱ ሥዕል ተሥሏል፣ ተሰብኳል። ነገር ግን ቀን ሲወቅር የዋለው ሰው ማታ ደክሞት ሲገባ በልቶ ያድር እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያንን እህል ማን ፈጨችው? ስሟ የትም አልተጻፈም። አንድ ዓለት የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ተወቅሮ እስኪያልቅ ስንት ቁና እህል በወፍጮ ላይ እንዳለፈ ቆጥሮ የመዘገበ የለም፤ እኔ ግን ያ ድካም ከሥራው ውጭ ነው ብዬ ለመቀበል ልቤ እምቢ ይለኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ እርሷን አልረሳትም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 11 ስለ ግብፅ በኩር ሞት ሲነገር ዳር እስከ ዳር ለማሳየት ከፈርዖን ዙፋን ተነሥቶ ወዴት እንደሚደርስ ተመልከቱ፤ ከወፍጮ በስተኋላ እስካለችው ባሪያ ድረስ ይወርዳል። ከእርሷ የሚያንስ ስላልነበረ ነው። ጌታችንም ስለ ዳግም ምጽአቱ ሲያስተምር፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24፣ ሁለት ሴቶች አብረው ሲፈጩ አንዲቱ ትወሰዳለች፣ ሁለተኛዋ ትቀራለች ብሏል። በመጨረሻይቱ ሰዓት የሚመረመረው የመቅደሱ ደጃፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጓዳውም ይመረመራል።

ይህን ስል ወደ ድንጋይ ወፍጮ እንመለስ ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ፈጭተውም አያውቁም። አያቴ የባቡር ወፍጮ በመጣ ጊዜ ዕልል ማለቷን ዛሬም ትናገራለች። መዳፏ ውስጥ ያለው ጠባሳ የመጁ ነው። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ለአምስት ልጆችና ለአንድ እንግዳ የሚበቃ የምትፈጭ ሴት ድካሟ ቢቀልላት እግዚአብሔርን እናመሰግናለን እንጂ አናዝንም።

ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት በላሊበላ ለብዙ ወራት መብራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎቹ ቆሙ። በእኛ ሰፈር አንዲት ባልቴት ወፍጮአቸውን ሳይጥሉ አቆይተው ነበር። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ስልቻና ቁና እየያዙ ከንጋት ጀምሮ በደጃቸው ወረፋ ይይዙ ነበር። አንዷ ገንዘብ ልትሰጣቸው ብትል፣ “የደከምሽው አንቺ፣ የምትከፍዪው ለኔ?” ብለው መለሱላት። በዕድሜ ትንሽ የነበርን ልጆች ወፍጮ የመውቀር ድምፅ ምን እንደሚመስል የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ሕጉ “ወፍጮ ወይም መጅ” ማለቱ በከንቱ አይደለም። አበዳሪው፣ “ትልቁን ትቼላት ትንሹን ብቻ ወሰድሁ” ብሎ ራሱን እንዳያጸድቅ ነው። መጅ የሌለው ወፍጮ የመቀመጫ ድንጋይ ነውና። የእርሻ ዕቃም እንዲሁ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ ሁሉ ተሟልቶ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ፣ ከጎደለ በሬው ወደ ቤት ይመለሳል።

በወሎ ሽማግሌዎች ዘንድ ይህ ትምህርት ሳይሆን ትዝታ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ገበሬው አስቀድሞ በግና ፍየሉን፣ ቀጥሎም በሬውን ሸጠ። ሻጩ በበዛ ጊዜ የከብት ዋጋ ወደቀ፤ የእህል ዋጋ ግን ወደ ላይ ወጣ። በመጨረሻም የቤት ዕቃው ወደ ገበያ ወረደ። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ መሬቱ አለ፣ ሰውየውም ተርፎ እንደሆነ አለ፤ የሚጠምደው ግን የለውም። አንድ በሬ የቀረለት ሰው አንድ በሬ ከቀረለት ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። ምንም ያልቀረለት የሰው እጅ ጠበቀ። ያን ጊዜ በርካሽ የገዛ ሰው የሰረቀው ነገር የለም፤ በገበያ ሕግ ገዛ። በኦሪቱ ሕግ ሲታይ ግን በእጁ የያዘው በሬ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ገዥ መጥቷል። የቆየ መሶብ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ በጭስ የጠቆረ የእንጨት ገበታ፣ ዕድሜ የጠገበ ቀንበር ለእንግዳ ይሸጣል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ሄንሪ ፎርድ የተባለው ባለፋብሪካ የገበሬውን ፈረስና የቀድሞ ማረሻ ከሥራ ያስወጣውን ትራክተር በገፍ ከሠራ በኋላ፣ የቀድሞ ገበሬዎችን ዕቃ ከየአገሩ እየሰበሰበ በዲርቦርን ከተማ ትልቅ ሙዚየም አቁሟል። በአዲስ አበባም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቤትና የእርሻ ዕቃዎች ተቀምጠው ይጎበኛሉ። መልካም ነው፤ ከሚጠፉ ይቀመጡ። ነገር ግን በመስታወት ውስጥ ያለውን ዕቃ የሚያደንቅ ተማሪ የባለቤቲቱን ስም አይጠይቅም።

አንድ ወንድማችን በጉባኤያችን ላይ፣ “ታዲያ ድኻዋ ልሽጥ ብትል እንከልክላት?” ብሎ ጠይቆ ነበር። አንከለክላትም። ሕጉን መልሳችሁ አንብቡት፤ ለተበዳሪዋ የተናገረው አንዳች ቃል የለም። የሚናገረው ለአበዳሪው ነው፣ እጁን ለሚዘረጋው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ባለዕዳ ሆና ልጆቿ ሊወሰዱባት የነበረችውን መበለት ነቢዩ ኤልሳዕ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነው። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የላትም ነበር። እርሱም ማሰሮዋን አልወሰደባትም፤ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ ላካት። ያን ቀን ዕቃ ያዋሱ ጎረቤቶች ነበሩ ማለት ነው። ዘይቱ የቆመውም ዕቃው ባለቀ ጊዜ ነው፤ አንድ ጎረቤት ተጨማሪ ማሰሮ ቢያውሳት ኖሮ አንድ ማሰሮ ዘይት ይጨመርላት ነበር።

በመጪው ክረምት ወደየቤተሰቦቻችን ስንሄድ እንግዲህ በቅድሚያ የምንጠይቀው ማን ምን እንደ ሸጠና ለምን እንደ ሸጠ ይሁን። መጅ የተሸጠበት ቤት ካለ፣ ስንት ቀን ሳይፈጭ እንዳደረ ጠይቁ።