ማቆም ብቻውን መመለስ አይደለም

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በደልን ያቆመ ሰው ከበደሉ ነፃ ወጣ ማለት ነው?

አፈር የሚነግረን ነገር አለ። ሀባርድ ብሩክ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ያለ፣ ከትላልቅ ፋብሪካዎች የራቀ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሳይንቲስቶች እዚያ የወረደውን ዝናብ ሲመረምሩ ከተለመደው እጅግ የበለጠ አሲድ ሆኖ አገኙት። በሩቅ ግዛቶች የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ የኃይል ማመንጫዎች የለቀቁት ሰልፈር በነፋስ ተጉዞ፣ አየር ላይ አሲድ ሆኖ ይዘንብ ነበር። መብራቱ ለአንዱ፣ ዕዳው ለሌላው!

አሲዱ አፈር ውስጥ ሲገባ ለዛፎች የሚያስፈልጉትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ያስለቅቃል፤ ውሃው ጠርጎ ወደ ጅረት ይወስዳቸዋል። እነሱ ሲመናመኑ በአፈሩ ማዕድን ታስሮ የነበረው አልሙኒየም ይሟሟና ሥሮችን ይጎዳል። ከላይ ግን ጫካው ለብዙ ዓመታት አረንጓዴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ የአየር ሕጓን አጠበቀች፤ ጭሱ ቀነሰ፣ ዝናቡም ተሻሻለ። አፈሩ ግን ቶሎ አላገገመም። በብዙ አሥርት ዓመታት ታጥቦ የሄደውን ካልሲየም ድንጋይ እየፈረሰ የሚተካው በጣም በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች በጫካው አንድ ክፍል ላይ ካልሲየም ያለበት የድንጋይ ዱቄት በሄሊኮፕተር በተኑ። በዚያ ክፍል የሜፕል ዛፎች ጤና ተሻሻለ። የተወሰደው ሲመለስ ሕይወትም ተመለሰ።

ዑለሞቻችን የተውባን መስፈርቶች ሲያስተምሩን፦ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ይላሉ። ብዙዎቻችን ሦስቱን ይዘን አራተኛው ላይ እንቆማለን። ሐሜት አቁመናል፤ ስሙን ያጠፋነው ሰውስ? ከእንግዲህ አልበደርም ብለናል፤ ያልከፈልነው ብድርስ? ግቢያችን ውስጥ ፌስታል ማቃጠል ትተናል፤ ጭሱን ሲተነፍስ የኖረውን ጎረቤት አውፍ በለኝ ብለነዋል?

«ማን ላይ እንደደረሰ አላውቅም» ማለትም አያድንም። ባለቤቱን ፈልገው ላጡት ሐቅ ዑለሞች በስሙ ሰደቃ መስጠትን አመላክተዋል። ዝም ብሎ መርሳትን ግን አልፈቀዱም።

ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንድ ያልመለስነውን ሐቅ እናስታውስ፤ ስልክ እንደውል፣ እንክፈል፣ ይቅርታ እንጠይቅ። ያ ሰው ፊቱ ፈገግ ስላለ አልተጎዳም አንበል።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊቱ ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።