ሞተር ቃል አይሰጥም

ሮም ውስጥ አሮጌ ፒካፕ ሊገዛ የወጣ ኢትዮጵያዊ በመኪና ዕቃዎች ስም ብዙ አይቸገርም። ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ሳይቀር፣ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑ ናቸው። የሚያስቸግረው ቃል ሌላ ነው፤ «ሞተሩ አስተማማኝ ነው» የሚለው። ይህኛው ከጣሊያን አልመጣም። ሥሩ «አመነ» ነው፤ እምነት፣ ታማኝ፣ መተማመን፣ አስተማማኝ ሁሉም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ስለ ሰውም ስለ ብረትም በአንድ ሥር እንናገራለን። ለመሆኑ ሞተርን ማመንና ሰውን ማመን አንድ ነገር ነውን?

አንድ ገዢ እናስብ። በሮም የቤት ዕቃ እያጓጓዘ የሚኖር፣ የሁለት ዓመት ቁጠባውን ይዞ፣ የ2008 ምርት የሆነ የናፍጣ ፒካፕ ሊያይ የሄደ ሰው ነው። ሻጩ ያገሩ ልጅ ነው፤ እሑድ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ገዢው ደርሶ እጁን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፍ ሞተሩ ሞቋል።

መካኒክ ይህን ምልክት ቀላል አያደርገውም። አሮጌ የናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። በብርድ ለመነሣት መለመን፣ መንቀጥቀጥ፣ መጀመሪያ ላይ ማጨስ፣ እነዚህ ሁሉ ሞተሩ ሲሞቅ ሊደበቁ ይችላሉ። ጭሱም ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ የፒስተን ሪንግ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ አርጅቶ ይሆናል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በትክክል እየተቃጠለ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ካለ፣ በተለይም የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያጠራጥራል። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ከተገኘ ውኃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ኪሎ ሜትሩንም ቢሆን ከዳሽቦርዱ ብቻ መቀበል አያስፈልግም። ጣሊያን ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና በተመዘገበ በ4 ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ይመረመራል፤ ያን ጊዜ የተነበበው ኪሎ ሜትርም ይመዘገባል። የመጨረሻው ምርመራ ንባብ በታርጋ ቁጥር ሊታይ ይችላል።

ይህን ሁሉ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ባገር ልጅ ፊት ማድረግ ግን ሌላ። ኮፈን ከፍቶ፣ ክዳን ፈትቶ፣ ታርጋ ጽፎ መመርመር «አላመንኩህም» ማለት አይመስልምን? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል፤ አፍሮም ይገዛል። ተረታችን ከሌላው ወገን ይጮኻል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። «ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውም አለ። ገዢው በይሉኝታና በጥርጣሬ መካከል ይቆማል። ሁለቱም ግን አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ የሚመረመረው ሰውየው እንጂ ሞተሩ አይደለም ብለው ያስባሉ።

ፈላስፋዋ አኔት ባየር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው ጽሑፍ በአንድ ነገር ላይ መደገፍንና ሰውን ማመንን ለይታ ነበር። የተደገፍንበት ነገር ሲሰበር እናዝናለን፤ ያመንነው ሰው ሲያታልለን ግን ተክደናል። ሞተር አይከዳም። በተራራ መንገድ ላይ ቢቆም፣ ቃል ገብቶ ያፈረሰው ነገር የለም። ቃል መስጠት የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጭሱን ማየት፣ ዘይቱን መንካት፣ የሻጩን ክብር መንካት አይደለም። ብረቱ በብረትነቱ ይጠየቃል፤ ሰውየው በቃሉ።

የሻጩ ቃልስ እስከ ምን ድረስ ያስገድደዋል? ያልተጠየቀውን ሁሉ መናገር አለበት? ክርክሩ ሮም ውስጥ አዲስ አይደለም። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሁለት የእስጦይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። አንድ ሰው ጉድለቱን እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ቤት ሊሸጥ ነው። የባቢሎኑ ዲዮጋን «ግዛ ብሎ ያስገደደው የለም፤ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ነውር የመለፈፍ ግዴታ የለበትም» ባይ ነው። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ገዢው በስሕተት ሲገባ እያዩ ዝም ማለት በደል ነው ይላል። ኪኬሮ ወደ አንቲጳጥሮስ ያደላል። ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለራስ ጥቅም ሲባል እንዳያውቅ መፈለግ መደበቅ ነው።

ምሳሌም ይጨምራል። በቄሊዮስ ኮረብታ ላይ ቤት የነበረው አንድ ሮማዊ፣ ከፍታው የወፍ ምልክት ለሚያነብቡ ካህናት የጋረደባቸውን የቤቱን ክፍል እንዲያፈርስ ታዘዘ። እርሱ ግን ትእዛዙን ሳይናገር ሸጠው። ገዢው ያን ክፍል ለማፍረስ ተገደደ፤ በኋላም ነገሩን ሰምቶ ከሰሰ። ዳኛው ማርቆስ ካቶ ሻጩ እያወቀ ስላልተናገረ ጉዳቱን ይክፈል ብሎ ፈረደ። የዛሬው የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1942ቱ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሻጭና ገዢ «እንዳለ ነው፤ ዋስትና የለም» ብለው ቢዋዋሉ እንኳ፣ ሻጩ በክፉ ልቡና ጉድለቱን ከደበቀ ውሉ አያድነውም። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ፣ ጉድለቱ በቀላሉ የሚታይ ከነበረ፣ ሻጩ ነውር የለበትም ብሎ ካላረጋገጠ በቀር፣ ገዢውን አይረዳውም። ዓይን ያለው ይመልከት፤ የሚያውቅም ይናገር፤ ሁለቱ ግዴታዎች አብረው ይሄዳሉ።

ለዲዮጋን የሚከራከር ሰው «የሚናገር ሻጭ ይከስራል» ሊል ይችላል። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳየው የዝምታውን ኪሳራ ነው። አሜሪካኖች ነውረኛ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወረውን ፍሬ ማለት ነው። ገዢው ደኅናውን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። የደኅና መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ነው። እንግዲህ ገዢው ከመመርመር ቢያፍር የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ታማኙ ሻጭ ታማኝነቱን የሚያሳይበትን በር ይዘጋበታል። የምርመራው ተጠቃሚ ከማንም በፊት እውነተኛው ሻጭ ነው።

ምርመራ ግን ሁሉን አይደርስበትም። የታይሚንግ ቺንጋው ተቀይሮ እንደሆነ ከውጭ አይታይም፤ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ሊያልቅ ይችላል። የጋራዥ ወረቀት ከሌለ የቀረው የሻጩ ቃል ነው። እምነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ዓይንና እጅ ሊደርሱበት በሚችሉት ነገር ላይ ሳይሆን ሊደርሱበት በማይችሉት። በሚታየው ነገር ላይ እምነትን መጠየቅ ስንፍናን እምነት ብሎ መጥራት ነው፤ በማይታየው ነገር ላይ እምነትን ማጉደል ደግሞ የሰውየውን እውነተኛ ቃል ዋጋ ያሳጣል።

ሞቆ ወደተገኘው ሞተር እንመለስ። ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ሻጩ ጠዋት ሥራ ወጥቶበት ተመልሶ ይሆናል። ገዢው መካሰስም ማፈርም አያስፈልገውም። «ነገ ማለዳ፣ ሳታስነሣው ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ሻጩ ሊያስነሣው የማይለምን ሞተር ካለው ጥያቄው አይከብደውም፤ ሞተሩ የሚቸገር ከሆነም ከሌሊቱ በፊት ለመናገር ጊዜ አለው። እሑድ ሲሳለሙ ዓይን ለዓይን መተያየት መቻላቸው የሚወሰነው፣ መኪናው ስንት ዓመት በመሄዱ ሳይሆን፣ በዚያች ማታ በሚባለውና በማይባለው ነው።