ያረጀውን ወደ አዲሱ ስለ ማሻገር

አንባቢ ሆይ፤ የጽሑፍ ማደሪያ ሁሉ ያረጃል። ብራና በብል ይበላል፥ ወረቀት ይቀደዳል፤ የኮምፒውተር መዝገብ የሚያድርበት ሐርድ ዲስክም ይደክማል። ስለዚህ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሰው ዕዳው ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሐርድ ዲስክ በውስጡ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ዙር የሚዞር ሰሌዳ አለው፤ አንባቢው ራስ በላዩ ሳይነካው ይመላለሳል፤ የነካው እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ ይፋቃል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ መብራት ድንገት ሲጠፋ በሥራ ላይ ያለ ዲስክ ሊጎዳ ይችላል። ዲስክ ሲታመምም አስቀድሞ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ ቀጭ ቀጭ ይላል፥ ለመክፈትም ይዘገያል። ባለቤቱ «ነገ እገለብጠዋለሁ» ቢል ነገ ዝም ያለ ዲስክ ሊያገኝ ይችላል። ደግሞ ፋይሉን ብቻ ማንሣት አይበቃም፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ሥርዐት ከፋይሉ ሌላ በዲስኩ ላይ በየስፍራው የተጻፈ ነውና፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳለ መገልበጥ አለበት።

ብልህ ሠራተኛ በታመመው ዲስክ ላይ አዲስ ነገር አይጽፍም። ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ያነሣል፥ ወደ ተጎዳው ስፍራ በመጨረሻ ይመለሳል። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው፤ ሊያነበው ያልቻለውንም ስፍራ ለይቶ በመዝገብ ይጽፋል። የጎደለውን አይሸሽግም።

ይህ ሕግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቢቸና አጠገብ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ደብሮች ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አብነቱን በፊቱ አኑሮ ቃል በቃል ይከተላል። ዐይኑ ዘልሎ መስመር ያስቀረ እንደ ሆነም በኅዳግ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል። ነገር ግን አብነቱ ራሱ በውኃ የጠፋበት ስፍራ ሲገኝ ፈተና ይመጣል፤ ይልቁንም ቅኔ ለተማረ ሰው። ባዶውን ስፍራ ከራሱ አእምሮ ሊሞላው ይችላልና፤ ቃሉም ያምር ይሆናል። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ የሚቀኝ ይነቀፋል፤ በግልባጭ ሥራ ግን የራሱን ቃል የሌላው አድርጎ የሚጽፍ ይነቀፋል። የመጀመሪያው ከባለቤቱ ይሰርቃል፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ያልተናገረውን በአፉ ያኖርበታል።

ማሻገርም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። በ1973 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በአሜሪካ በሚኔሶታ ካለው ሂል ከተባለው የገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋራ በመተባበር የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ፤ ወደ 9000 የሚሆኑም ተነሡ። ፊልሙም በተራው ያረጃልና ብዙው ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ተራው ይደርሳል። በዚህ ረጅም ቅብብል ውስጥ አንዱ ብቻ ቢዋሽ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ሐሰቱን በታማኝነት ያስተላልፋሉ።

ምናልባት አንድ ሰው «ባዶ ስፍራ ያለበት መጽሐፍ ለአንባቢ ምን ይጠቅመዋል? በመጠኑ ቢሞላ ይሻላል» ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እመልሳለሁ፤ ጉድለቱን ያየ ሰው በሌላ ደብር ወይም በሌላ ዲስክ ይፈልገዋል፥ ያገኘውም ይሆናል። ተሞልቶ ያየው ግን ከቶ አይፈልግም።

እንግዲህ የሌላ ሰው ጽሑፍ በአደራ ያለህ ሁሉ፥ ዲስኩ ገና ሲነበብ ገልብጥ፤ አዲሱ ኮምፒውተሩን ስላስነሣልህ ብቻ አሮጌውን አትጣል፥ አስቀድመህ ሁለቱን አስተያይ። ያልተነበበውንም «ይህ አልተነበበም» ብለህ ጻፍ።